አሸተን ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ቻይና ብለን የጠራነው ሰው

በላስታ ምድር ስሙን የማላውቀው ፍጥረት የለም። ሰው ብቻ አይደለም የምለው። የእያንዳንዷን በቅሎ ስም፣ የበቅሎዋን እናት ስም፣ እናቲቱ የረገጠችውን ውሻ ስም ጭምር አውቃለሁ። ከኮን ገበያ ተነስቼ ወገል ጤና ገበያ እስክደርስ መንገደኛውን ሁሉ በየስሙ ሰላም ስል ብውል፣ ምላሴ ይደርቅ ይሆናል እንጂ ስም አጥቼ ዝም አልልም። አስጎብኚ ነኝ፤ ስም እንጀራዬ ነው። አንዴ መጥቶ የሄደ እንግዳ ፀጉሩ ሸብቶ ቢመለስ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በስሙ እጠራውና ሻንጣው ከእጁ ይወድቃል። አንዷማ በድንጋጤ ራሷን ስታ በጠበል ነው የነቃችው። እሺ፣ በውሃ ነው።

እንዲህ የምፎክረው ሰውዬ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ አብሮኝ የበላውን፣ ወባ ጥሎኝ ሳለ ከካምፑ ድረስ መድኃኒት ይዞልኝ የመጣውን ሰው "ቻይና" እያልኩ ነበር የምጠራው። ስሙን አላውቅም ነበር።

የተዋወቅነው በጃንጥላ ነው። ላሊበላ ገበያው ዳር ቆሜ፣ የላስታ ነፋስ አዲሱን ጃንጥላዬን ገልብጦ አጥንት በአጥንት አደረገው። "ኤዲያ፣ ቻይና!" ብዬ መሬት ላይ ወረወርኩት።

"አቤት" አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ዞር ስል ቀጭን፣ ከጆሮው በላይ ሽበት የጀመረው፣ አቧራ የጠጣ የመንገድ ሥራ ጫማ ያጠለቀ ቻይናዊ ቆሟል። እያሾፈ አልነበረም፤ እውነት የጠራሁት መስሎት ነው። እኔን አየ፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ጃንጥላ አየ፣ ገባው። ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ከኪሱ ሽቦ አውጥቶ የተሰበረውን አጥንት አሰረና መለሰልኝ። ያ ጃንጥላ ዛሬም ይሠራል። አጋነነ እንዳትሉኝ፤ በዚህኛው አላጋነንኩም።

በኮን በኩል በሚሠራው መንገድ ላይ ቀያሽ ነበር። አማርኛውን የተማረው ከቀን ሠራተኞቹ ስለሆነ ዜማው የዋድላ ገበሬ ዜማ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው አጎቴ ከመቃብር ተነስቶ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ሻይ ቤት ስንገባ ስሙን ነገረኝ። ሁለት አጭር ድምፅ ናት፤ አንዷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ አንዷ ትወርዳለች። እኔ ለሻይ ቤቱ ሰው ስደግመው ሳህን ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ አስመስዬ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ለኛ ምላስ ይከብዳል" አልኩት። "ቻይና ይቀላል።"

"ችግር የለም" አለ። ስሙን ሁለተኛ አልደገመልኝም።

ከዚያ በኋላ በእረፍቱ ሁሉ እየመጣ ከኔ ጋር ተራራ ይወጣል። ሦስተኛችን አንድ ባለ በቅሎ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ በምላስ ግን እኩያዬ የሆኑ ሰው። አንድ የአዘቦት ቀን ሦስታችን ሻይ ቤት ደጅ ተቀምጠን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ አለፉ። ቀያሹ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ጓደኛ፣ 'ቻይና' ስድብ ነው?"

"ኧረ በስመ አብ! አገርህ አይደለም እንዴ? ከአገር ስም ምን ክፉ ይወጣል?"

"አገሬ ነው። አንተ እኛ ከተማ ብትመጣና ሰው ሁሉ 'ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!' እያለ ቢከተልህስ?"

"ደረቴን ነፍቼ እሄዳለኋ!"

ባለ በቅሎው ገቡ፦ "ፈረንጁንስ ፈረንጅ እንለው የለም? ተቆጥቶም አያውቅ።"

"ፈረንጅ ትሉታላችሁ" አለ ቀያሹ። "ግን ጫማ ሲቀደድ ፈረንጅ አትሉም። ባትሪ ሲጠፋ ፈረንጅ አትሉም። ቻይና ነው የምትሉት። ልጆቹ ሲጠሩኝ አገሬን ይሁን የተቀደደውን ጫማ አላውቅም።"

እኔ የምመልሰው ስፈልግ ባለ በቅሎው ከዱኝ። "እውነቱን እኮ ነው! የኔንስ በቅሎ፣ ያችን የምታነክሰዋን፣ 'እሷን ተዋት፣ ቻይና ናት' ብለህ እንግዳ ያባረርክብኝ አንተ አይደለህ?"

"አያ፣ እሱ እኮ ቀልድ ነው።"

"ቀልዱን ገበያ አውጥተህ ሽጠው!"

ቀያሹ ፈገግ አለና ሌላ ነገር ጠየቀኝ። "እናንተ ሁለት ስም አላችሁ ይባላል። አንዱ የክርስትና፣ ድብቅ።"

"አለን" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

"እንግዲያው ድብቁን ንገረኝ። እኔም ስሜን እደግምልሃለሁ። ስም በስም።"

ሻዩ ትን አለኝ። ባለ በቅሎው ጆሯቸውን አቆሙ። "እንዴት ያለ መልካም ንግድ ነው! ለኛም ነግሮን አያውቅ እኮ። ማኅበር ላይ እንኳ ስሙን ሲጠይቁት ያስለዋል።"

"የክርስትና ስም ለመድኃኒተኛና ለጠላት አይነገርም" አልኩ።

"እኔ የትኛው ነኝ?" አለ ቀያሹ።

ሳቅኩበት። ያልነገርኩት በምክንያት ነው፤ ምክንያቱ እናቴ ያደረገችው ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ሒሳብ እንደሚዘጋ ሰው ረጋ ብሎ እንዲህ አለ፦

"እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ቻይና ስትሉኝ አቤት አልልም። ትከሻዬን ስትነኩኝ እዞራለሁ። ቻይና ስትሉኝ ግን የለሁም።"

ቃሉንም ጠበቀ። ገበያ መሀል ሲጠሩት ጆሮው እንኳ አይንቀሳቀስም። ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ስትጠሩት የሌለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀን በፀሐይ ያስፈራል። አንዳንዴ ጠርቼው እንደዚያ ሲሆንብኝ ቶሎ ብዬ ክንዱን እይዘው ነበር፤ እጄ እንዳያልፈው የፈራሁ ያህል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሊሰናበተን መጣ። የመንገዱ ሥራ አልቋል፤ አገሩ ሊገባ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ከአሸተን ማርያም በላይ ወዳለው ሜዳ ውሰዱኝ አለ። ባለ በቅሎው ምሳችንን በዚያችው በምታነክሰዋ በቅሎ ጭነው ከኋላ ተከተሉን።

ወደ አሸተን ስትወጡ መንገዱ በአለት መሀል ጠቦ የሚያሳልፍበት ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ ነፋሱ ያቃስታል። እኔ ደግሞ ነፋስ ሲያቃስት ምላሴን መግታት አልችልም።

"ጓደኛ" አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "እዚህ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ የሚጣራ ነገር አለ። ድምፁ የሰው ነው። ስምህን ግን አያውቅም። ስለዚህ 'አንተ ሰው' ይላል፣ 'እንግዳ' ይላል፣ በሆነው ባልሆነው ይጠራሃል። ከመለስክለት ድምፅህ እሱ ጋ ይቀራል፣ አንተ ገደል ትወርዳለህ። ስምህን ካልጠራ አፍህን አትክፈት። ድምፁ ከመጣበትም ሽሽ።"

"እውነት ነው?"

"እኔ ዋሽቼ አውቃለሁ?"

ግማሹን ከእናቴ የሰማሁት ነው። እናቴ ሞት በስም ነው የሚጠራ ትል ነበር። "ጉም ውስጥ ሲጠሩሽ ዝም በይ" ትለኝ ነበር። አዎ፣ "ሲጠሩሽ"። እሷ እኔን ስታናግረኝ "አንቺ" ነበር የምትለኝ፤ ጎረቤቱ ከፍቅር ነው ይል ነበር። ሌላውን ግማሽ እዚያው አለቱ ውስጥ የፈጠርኩት ነው። "ሽሽ" የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

ከገዳሙ በላይ ያለው ሜዳ ጅብራ የበቀለበት ነው። ቀያሽ ደግሞ ከሰው የሚረዝም ተክል አይቶ ሳይለካ አያልፍም፤ ሜትሩን አውጥቶ ከአንዱ ጅብራ ወደ ሌላው እየሄደ ራቀን። እኔና ባለ በቅሎው ቁጭ ብለን ቆሎ ስንቆረጥም ጉሙ ከታች፣ ከሸለቆው፣ ተጥዶ እንደተረሳ ወተት ገነፈለ። ቀና ስንል በቅሎዋ ግማሽ ሆናለች። ሰማይም የለ፣ መሬትም የለ። "እንደ ጅብራ ተገተረ" ይባል የለ? እዚያ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጅብራው እንደ ሰው ተገትሮ ነበር፤ ብዙ ሰው፣ ዝም ያለ፣ ፊቱን ወደኛ የመለሰ። ከመካከላቸው የኛ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

"ቻይና!" አልኩ።

ገደሉ የቃሉን ጭራ ብቻ ይዞ መለሰው፦ "...ና ...ና ...ና።"

ሺህ ጊዜ ያልኩት ቃል ነው፤ ገደል ሲለው የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ።

"ቻይና! ወዴት ነህ?" አሉ ባለ በቅሎው።

ከግራችን ጠጠር ተንኮታኮተ። ጥቂት ድንጋይ ተንከባለለና ድምፁ በድንገት ጠፋ፤ መሬት ላይ ሲያርፍ አልሰማንም። በግራ በኩል አፋፉ ነው። ከአፋፉ በታች ምን እንዳለ እኔ ለእንግዳ ስናገር ሁልጊዜ እጥፍ አድርጌ ነው፤ እውነቱም ግን ለአንድ ሰው በቂ ነው።

"ቻይናዬ! ኧረ በማርያም!"

እንደገና ጠጠር። አሁን ራቅ ብሎ። የሜዳው ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጠዋት ሙሉ ሲንጫጩ ነበር፤ አሁን አንዱም ድምፅ የለውም። የበቅሎዋ ጆሮ ግን ወደ ግራ አልነበረም። ወደ ቀኝ፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ሜዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ የሚነግራትን ታዳምጥ ይመስል።

"ወድቋል መሰለኝ" አሉ ባለ በቅሎው ቀስ ብለው።

"ዝም ይበሉ።"

"ሌላ ስም የለውም?"

"አለው።"

"ጥራዋ!"

"አላውቀውም።"

ዓይናቸውን አፈጠጡ። "አንተ ቀባጣሪ! የበቅሎዬን አያት ስም ታውቅ የለ! ምን ብለን እንጥራው ታዲያ? የሰው ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ነው እኮ!" መልሴን ሳይጠብቁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው "ቻይናአአ" ሊሉ ሲጀምሩ ጠጠሩ እንደገና ሲንሸራተት ሰማሁ። ያኔ ነው የገባኝ። 

አልወደቀም። እኛን እየሰማ ነው። ለእሱ ግን ጉም ውስጥ የሆነ ነገር ስሙ ባልሆነ ስም እየጠራው ነው፤ እሱም እንዳስተማርኩት አፉን ዘግቶ ከድምፁ እየሸሸ ነው። በጠራነው ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ አፋፉ እንገፋዋለን።

"ዝም ይበሉ! አይጥሩት! እየገፋነው ነው!" ብዬ የሽማግሌውን አፍ በእጄ ከደንኩ። በሕይወቴ ታላቅ ሰው እንደዚያ ነክቼ አላውቅም።

ሄጄ እንዳልፈልገው መሬቱ አይታይም፤ ኮቴዬንም ከሰማ ይሸሻል። ዝም እንዳልል ጉሙ ሌላ ሰዓት ቢቆይ ብርዱ ያንቀሳቅሰዋል። በስሙ እንዳልጠራው ስሙን ሳህን አድርጌ ሰብሬዋለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስም በስም። ባለ በቅሎው ደግሞ አጠገቤ ናቸው። እኚህ ሰው የሰሙት ነገር ከተራራው ሳይወርዱ ላሊበላ ይደርሳል።

ጮህኩ። "ስማ! እኔ ነኝ! የክርስትና ስሜ ወለተ..." አልኩ፣ ቀሪውንም ጨመርኩ። ቀሪውን እዚህ አልጽፈውም፤ "ወለተ" የምትለዋ ትበቃችኋለች።

ገደሉ ስሜን ቆራርሶ መለሰው። ከብዙ ሴቶች መሀል አንዷን ፍለጋ የሚጣሩ ይመስል ነበር።

ባለ በቅሎው አፋቸውን ከእጄ አላቀቁ። "ወለተ ማን?" አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ፣ ከጠበቅነው በጣም ቀርቦ፣ ሁለት አጭር ድምፅ መጣ። አንዷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ አንዷ ትወርዳለች።

ደገምኩት።

"አይደለም" አለ ጉሙ። "እንደገና።"

ደገምኩት። "የመጀመሪያዋን ከፍ አድርግ" አለ። ሰውየው እግሩ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ አነጋገሬን ያርመኛል! እንደ ቆሎ ተማሪ ላቤን እያፈሰስኩ ከፍ አደረግኳት።

"አቤት" አለ።

የበቅሎዋን ጠፍር ወገቤ ላይ አስሬ፣ ባለ በቅሎው ጫፉን ይዘው፣ ስሙን እየጠራሁ፣ እሱም አቤት እያለ፣ በደረቴ ተስቤ ደረስኩበት። አንድ ጅብራ አቅፎ ተቀምጧል፤ አንዱ ጫማው ባዶ ላይ ነው። ስንጎትተው የያዘው ጅብራ ተነቅሎ ቁልቁል ሄደ። እሱም ሲያርፍ አልሰማንም።

ወደ ገዳሙ ስንወርድ ጉሙ አብሮን ወረደ። ገዳሙን አልፈን ጠባቡ አለት ጋ ስንደርስ ጠየቅኩት። "የኔ ወለተ መባል እኔ መሆኔን እንዴት አረጋገጠልህ?"

"ካምፓችን ምግብ የምትሠራልን ሴት ወለተ ናት ስሟ" አለ። "የሴት ስም እንደሆነ አውቃለሁ። ሰይጣን ቢሆን የተሻለ ይመርጥ ነበር።"

ባለ በቅሎው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እሱ ግን ቆመ።

"ከናንተ በፊት ሌላ ጠራኝ" አለ። "ከሜዳው በኩል። ቻይና አላለም። ስሜን ጠራ፤ በደንብ፣ እናቴ እንደምትለው። ድምፁ ያንተ ነበር።"

የባለ በቅሎው ሳቅ ተቆረጠ። በቅሎዋ ወደ ቀኝ ያቆመችው ጆሮ ትዝ አለኝ።

"ታዲያ መለስክለት?"

"አልመለስኩም። ድምፁ ያንተ ነው፤ አንተ ደግሞ ስሜን አታውቅም።"

ለማንኛውም ነገር ቀልድ አለኝ። ለዚህ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። አለማወቄ አዳነው ብዬ ልፎክር አንዴ አፌን ስከፍት ባለ በቅሎው በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሚጣራው ነገር ለእንግዳ ተናግሬ አላውቅም።

ከተማው የሰማው እኛ ሳንደርስ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ፣ ባለ በቅሎው ከኔ ጋር ነበሩ። በማግስቱ ገበያው ውስጥ ሳልፍ "ወለቴ!" አለኝ አንዱ። ከወዲያ ማዶ ሌላው ተቀበለው። ልጆቹም "ቻይና"ን ትተው እኔን ያዙ። ሻይ ቤት ገብቼ ባለ በቅሎውን ተቆጣሁ።

"ምን ያስቆጣሃል?" አሉኝ፣ ስኳሩን እያማሰሉ። "ስምህ አይደለም እንዴ? ከስም ምን ክፉ ይወጣል?"

ቀያሹ አጠገባቸው ነበር። ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ውጭ ተመለከተ። ምንም አላለም፤ ቸርነቱ ነው። መንገዱ ላይ እንደገና "ወለቴ!" ሲሉ እሱ እንዳደረገው የለሁም ልል ሞከርኩ። አልቻልኩም። አንገቴ በራሱ ዞረ።

አገሩ ከገባ በኋላ አልፎ አልፎ ይደውላል። በስሙ እጠራዋለሁ፤ "የመጀመሪያዋን ከፍ አድርግ" ይለኛል። ከዚያ እሱ በክርስትና ስሜ ይጠራኛል፤ ሳያሾፍ፣ ሙሉውን፣ በዋድላ ዜማ።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። እናቴ ከኔ በፊት የወለደቻቸው ወንዶች ሁሉ ሳይድኹ ሞቱ፤ ሾተላይ አለባት ተባለ። እኔ ስወለድ በአርባ ቀኔ አላወጣችኝም። ቀሚስ አልብሳ ሰማንያ ቀን ጠበቀችና እንደ ሴት ልጅ ይዛኝ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ያጠመቁኝ ቄስ ልብሴን ሲያወልቁ አይተዋል፤ እሷንም አይተው ዝም አሉ። ጺም ያለኝ፣ የልጆች አባት የሆንኩ፣ ላስታን በወሬ የማናውጥ ሰው፣ የክርስትና ስሜ የሴት ነው። ስሞትም ካህናቱ የሚፈቱኝ በዚያው ስም ነው።